አያ ሐጎስን ብቻ የሸተታቸው ቃጠሎ

አያ ሐጎስ ዐርፈዋል። ባለፈው ሐሙስ ረፋዱ ላይ፣ ዓይደር ሆስፒታል ተኝተው ሳለ፣ ባለቤታቸው አደይ ለተብርሃንና እኔ ባለንበት ነው። በማግስቱ ቀበርናቸው። በየአገሩ የተበተናችሁ የትምህርት ቤታችን መምህራን፣ የቀድሞ ተማሪዎች፣ ያወቃችኋቸው ሁሉ፣ መርዶውን ከጽሑፍ ስለምታነቡት ይቅር በሉኝ። እየደወልሁ ልነግራችሁ ጀምሬ ነበር፤ ሁለተኛው ሰው ላይ ስልኩን ዘጋሁት።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። አያ ሐጎስ የመምህራን ሰርቪስ ሹፌራችን ነበሩ። አያ የምንላቸው በአገሩ ወግ ነው፤ ታላቅ ወንድም እንደ ማለት ነው፣ ዕድሜያቸው ግን ለአባትነት ይበቃ ነበር። ጠዋት ከቀዳማይ ወያነ ሰፈር ያነሡናል፣ ከቃላሚኖ ወዲያ ካለው ትምህርት ቤታችን ያደርሱናል፣ ማታ ይመልሱናል። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ አማርኛ አስተምራለሁ። መቀመጫዬ ጋቢና፣ ከጎናቸው ነበር። በክብር እንዳይመስላችሁ፤ ከኋላ ስቀመጥ ስለሚያጥወለውለኝ ነው። አያ ሐጎስን ከሁላችሁ ይልቅ በቅርብ ያየኋቸው በሆዴ ምክንያት ነው ማለት ይቻላል።

ይህን የምጽፈው ሌላም ነገር ስላለ ነው። በመጨረሻዎቹ ወራት ስለ እርሳቸው ብዙ ተወርቷል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እርሳቸው አልሰሙ ይሆናል፤ እኔ ግን ሰምቻለሁ። አእምሯቸው ተነካ ተባለ። መንፈስ ነው ተባለ። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ፣ ንፍሮ እየተበላ እንኳ፣ ያ ደህናው መኪና ሲቃጠል ይሸተዋል የሚባለው ሰውዬ ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ነገር አሳልፌ የመተው ልማድ የለኝም። እዚያው ልነሣ ነበር፤ ለቅሶ ነውና ዋጥሁት። የዋጥሁትን እነሆ እዚህ አወጣዋለሁ።

አያ ሐጎስ ቁጡ ነበሩ። ይህን ደብቄ ባመሰግናቸው ከመቃብር ተነሥተው ይቆጡኛል። በር በኃይል የሚወረውር ሰው አይወዱም። ወንበር ላይ ጠመኔ ያራገፈ መምህር ዓመቱን ሙሉ ስሙ ሲነሣ ይኖራል። የሂሳብ መምህሩ ኪሮስ አንድ ጠዋት አርፍዶ መጥቶ ከመይ ሐዲርኩም፣ እንዴት አደራችሁ ቢላቸው፣ እኛስ አድረናል፣ አንተ ገና እያደርህ ነው ብለው በሩን ሳይዘጋ ተነሡ። ቁጣቸው ግን ዳገቱ ጋ ሳንደርስ ያልቅ ነበር። የመጨረሻዋን መምህርት ደጃፏ አድርሰው፣ የግቢው በር ከውስጥ ሲቀረቀር ሳይሰሙ መኪናቸውን አያዞሩም።

አንድ ሕግ ነበራቸው። መኪና ውስጥ የሚቃጠል ነገር ሲሸት ሰው ሁሉ መስኮት ይከፍታል። እርሳቸው ዘንድ ይህ ወንጀል ነበር። «መስኮት ዝጉ» ይላሉ። ራዲዮው ይጠፋል፣ ወሬ ይቆማል። «ሽታ የመኪናው አፍ ነው፤ አፉን አትያዙበት» ይሉን ነበር። ከዚያ መኪናውን ሳያቆሙ፣ ፍጥነቱን ብቻ ቀነስ አድርገው፣ አንድ በአንድ ይመረምሩታል። ማሞቂያውን አጥፍተው ያሸታሉ። መብራቱን አጥፍተው ያሸታሉ። እግራቸውን ከነዳጁ ላይ አንሥተው፣ መኪናው በራሱ ሲንከባለል ያሸታሉ። አንዱን ሲያጠፉ ሽታው ከቀነሰ በሽታው እዚያ ነው፤ ካልቀነሰ ወደሚቀጥለው ነው።

እኛንም አስተምረውናል። «ስኳር ሲያርር ከሸተታችሁ የራዲያተሩ ውኃ እየፈሰሰ ነው። ጸጉር ከሸተታችሁ ፍሬን ይዟል። ወረቀት ከሸተተ ፍሪሲዮን ነው። ፌስታል ከሸተተ ሽቦ ነው፤ እሱ ጊዜ አይሰጥም።» ኪሮስ ሽሮ ከሸተተስ ብሎ ሲጠይቃቸው፣ ሳይስቁ፣ እሱ የአንተ ምሳ ነው አሉት።

ሥራቸውን ላላየ አንድ ጠዋት ላስታውስ። ነዳጅ በጠፋበት፣ ነገር ሁሉ በቆመበት በዚያ ክፉ ጊዜ፣ ሚኒባሱም ሸራ ለብሶ በግቢያቸው ቆሞ ኖረ። ነዳጅ ተመልሶ፣ ትምህርት ቤቱ ተከፍቶ እንደገና ስንሳፈር ግማሾቻችን ከስተን፣ ግማሾቻችን ጥቁር ለብሰን ነበር። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሽታ መጣ። መስኮት ዘጋን። ማሞቂያውን አጠፉ፤ አልሄደም። እግራቸውን አነሡ፤ ቀነሰ። ነዳጅ ሰጡት፤ በረታ። ከሞተሩ ሙቀት ጋር የሚሄድ ነው አሉን፤ ዘይት እንዳይባል ቅባት ቅባት አይልም። እንደገና አሽትተው ይህ ገለባ ነው፣ መኪናው ውስጥ ቤት የሠራ አለ አሉ። ዳር ይዘው አቁመው፣ እኛን አስወርደው፣ የጋቢናውን ወንበር ገለበጡና ከሥሩ ያለውን ሞተር ገለጡ።

የአይጥ ጎጆ ነበር። ገለባ፣ ጥጥ፣ የተቦጫጨቀ ወረቀት፣ የጭሱ ቱቦ ላይ ተደላድሎ፣ ጠርዙ መቅላት ጀምሯል። እኔ ከዚያ በላይ ነበር የተቀመጥሁት። በጨርቅ ይዘው አውጥተው አስፋልቱ ላይ ረገጡት። ከዚያ ሽቦዎቹን በጣታቸው እየዳሰሱ፣ የተቀረጠፈውን ሁሉ በናስትሮ ጠቀለሉ። ኪሮስ አይጥን መራገም ሲጀምር ከለከሉት፤ እሷም በዚያ ጊዜ መጠጊያ ፈልጋ ነው አሉት። ደወል ሳይደወል ትምህርት ቤት ደረስን።

ስለ ራሴም አንድ ነገር ልናገር። በዚያ ክፉ ጊዜ ስልክ የለ፣ መንገድ የለ፤ ደሴ ያለችው እናቴ በሕይወት መኖሬን አታውቅም፣ እኔም የእርሷን አላውቅም። የግቢያችን ሰው ክፉ አልነበረም። ሆኖም ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል የወዲያ አገር ሰው እኔ ብቻ ነበርሁ፣ ዝምታውም ያስፈራኝ ነበር። አያ ሐጎስ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በእግራቸው ይመጡ ጀመር። ይዘው የሚመጡት ነገር አልነበራቸውም፤ ያን ጊዜ ማንም አልነበረውም። ደጃፌ ላይ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ በሚያይበት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ጥቂት አውግተው ይሄዳሉ። አንድ ቀን ለምን ወደ ውስጥ አይገቡም አልኋቸው። «ውስጥ ከገባሁ ማን ያየኛል? ሰው እንዳለሽ ይወቁ ብዬ ነው፣ ጓለይ» አሉኝ። ጓለይ ማለት ልጄ ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ናቸው፤ ሌላ ማስረጃ አልፈልግም።

አሁን ወደዚያ ነገር ልምጣ። የጀመረው ባለፈው ክረምት ማብቂያ ነው። አንድ ጠዋት፣ ገና ከከተማ ሳንወጣ፣ መስኮት ዝጉ አሉ። ዘጋን። አሸተትን። ምንም የለም። እርሳቸው ግን ፊታቸው ተለዋውጦ ነበር። ማሞቂያውን አጠፉ፣ መብራቱን አጠፉ፣ እግራቸውን አነሡ። ፌስታል ነው አሉ፣ ለራሳቸው። ወዲያው ዳር ይዘው አቆሙና ውረዱ፣ ራቁ አሉን። ወርደን ራቅን። ሞተሩን ገለጡት፤ ንጹሕ ነበር። ትንሽ ቆይተው ሄደ አሉና ተሳፈርን።

በሳምንቱ ደገመ። ከዚያ በሳምንት ሁለቴ ሆነ፣ ከዚያ ቀኑን መለየት ተውን። መጀመሪያ ላይ ማንም አልሳቀም። አያ ሐጎስ ሸተተኝ ካሉ ሸቷል፤ የደነዘዘው የእኛ አፍንጫ ነው። ደግሞም ከሳቁ ይልቅ ይህ ይብስ ነበር። ከእግሬ ሥር የማላየው እሳት እያደገ ነው ብዬ እያሰብሁ መንገዱን እጨርሳለሁ። ወንበሩ የሞቀ ይመስለኝና እጄን ከሥሬ ሰድጄ እነካዋለሁ። ከኋላ ያሉትም በሩ አጠገብ ለመቀመጥ መሻማት ጀመሩ።

ጋራዥ ወሰዱት። ሠራተኛው ሽቦውን ሁሉ አይቶ ደህና ነው አላቸው። አላመኑትም። ዳሽቦርዱን ራሳቸው ፈትተው፣ ቅዳሜና እሑድ ሽቦ በሽቦ መርምረው፣ ያረጀውን በአዲስ ለወጡ። ሰኞ ጠዋት ሸተታቸው። ትምህርት እያረፈደ ስለሆነ ርእሰ መምህሩ ማጉረምረም ጀመሩ። ከባልደረቦቻችን አንዷ፣ በዕድሜ የገፋች ሴት፣ እንዲህ የሚሸተው ሞት ያንዣበበበት ሰው ነው ብላ ጆሮዬ ላይ ሹክ አለችኝ። አፍሽን ዝጊ አልኋት፤ ሌሊቱን ግን ቃሏ አላስተኛኝም። ጸበል ይሂዱ ያሏቸውም ነበሩ። መኪና ጸበል አይጠመቅም ብለው መለሱላቸው። ኪሮስም መቀለዱን ተወ። ኪሮስ ሲተው አየሁና እኔም በእውነት ፈራሁ።

አንድ አመሻሽ ሰዉን ሁሉ አድርሰው እኔ ብቻ ስቀር፣ ደጃፌ ላይ አቁመው ሞተሩን አጠፉ። መሪውን አልለቀቁም። «ጓለይ፣ መሞት አይደለም የምፈራው» አሉኝ። «ሰው ጭኜ ነው የምሄደው። አንድ ቀን ልማዱ ነው ብዬ ያለፍሁት ዕለት ይነዳል። እናንተ ከኋላ ናችሁ፤ በሩ ደግሞ አንድ ነው።» እንዲህ ሲናገሩ በዚያ በክፉው ጊዜ እንኳ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ አፍንጫሽን አበድሪኝ አሉኝ። ሲሸታቸው ጣታቸውን ከመሪው ላይ ያነሣሉ፤ እኔ አሽትቼ እውነቱን ብቻ እነግራቸዋለሁ። ለማጽናናት ብለሽ እንዳትዋሺኝ አሉ። እሺ አልሁ።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ያቺን ጣት መጠበቅ ሥራዬ ሆነ። ትነሣለች፤ አሸታለሁ፤ ራሴን እነቀንቃለሁ። የለም ባልኋቸው ቁጥር ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ፊታቸው ይበልጥ ይጠቁር ነበር እንጂ። እኔ ያልገባኝ ነገር እርሳቸውን እየገባቸው ነበር።

አንድ ቀን ዳገቱ ላይ ጣታቸው ተነሣች። ራሴን ነቀነቅሁ። ዳር ይዘው አቆሙ፣ አስወረዱን። ያን ዕለት ግን ሞተሩን አልገለጡም። ቁልፉን ነቅለው በኪሳቸው ከተው፣ ነፋሱ ወደሚመጣበት፣ የታጨደውን ማሳ ይዘው ሄዱ። ርቀው ሄዱ። ነፋሱ ከእርሳቸው ወደ እኛ ነበር የሚነፍሰው፤ መኪናው ቢነድ እንኳ ጭሱ እዚያ አይደርስም። ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆሙ። ሲመለሱ ፊታቸው ዐመድ መስሎ ነበር። ሌሎቹ እንዳይሰሙ ወደ እኔ ተጠግተው «እዚያም ይሸታል» አሉኝ።

በስመ አብ አልሁ በሆዴ። ማሞቂያውን፣ መብራቱን፣ ሞተሩን እያጠፉ ሲፈልጉ የኖሩ ሰው፣ አሁን መኪናውን ራሱን ከመሐል አወጡት። ያልጠፋ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እርሳቸው ራሳቸው። አያ ሐጎስ ቁልፉን አውጥተው ለኪሮስ ሰጡት። መንጃ ፈቃድ አለህ፣ ቀስ ብለህ አድርሳቸው፣ እኔ ከዛሬ ጀምሮ ሰው አልጭንም አሉት። ኪሮስ ፊታቸውን አይቶ ቁልፉን ተቀበለ። እኔ አብሬያቸው ቀረሁ። ባጃጅ እስክናገኝ ጥቂት በእግር ወረድን፣ ከዚያ ሳላማክራቸው ባለ ባጃጁን ወደ ዓይደር አልሁት። አልተቆጡም፤ ይህም አስደነገጠኝ።

ምርመራው ቀናት ወሰደ። ሐኪሟ ወንበር ስባ፣ ሳትቸኩል ነገረቻቸው። ጭንቅላታቸው ውስጥ ዕጢ አድጓል፤ ሽታ በሚለየው የአንጎል ክፍል አጠገብ። የሌለ ቃጠሎ የሚያሸታቸው እርሱ ነው። ለቀዶ ጥገና የሚመች ቦታ ላይ አይደለም። አደይ ለተብርሃን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። አያ ሐጎስ ሐኪሟን ትኩር ብለው አይተው «እንግዲያው መኪናው ደህና ነው?» አሏት። አልገባትም። ወደ እኔ ዞሩ። ደህና ነው አያ አልኋቸው። በረዥሙ ተንፍሰው ተመስገን አሉ። ለወራት ያልነበረው ፊታቸው ያን ጊዜ ተመለሰ።

ያለቀስሁት እኔ ነኝ። ተናደድሁባቸውም። ሰው ሞቱን እየነገሩት ስለ ሚኒባስ ይጠይቃል? በኋላ ሳስበው ግን ሲጠይቁ የነበሩት ስለ ሚኒባሱ አልነበረም፤ ስለ እኔ፣ ስለ ኪሮስ፣ ከኋላ ስለተቀመጣችሁት ስለ እናንተ ነበር። እና አብደዋል ያላችሁ ሁሉ ይህን ስሙኝ። አላበዱም። ለመኪና ያወጡትን ሕግ በራሳቸው ላይ ፈርደው፣ ማንም ሳያዛቸው ከመሪው ተነሡ። እኔ ከዚህ የበለጠ ጤነኛ ሰው አላየሁም።

በመጨረሻ ግን የፈሩት ደረሰባቸው። ሕመሙ ሲጠና የሐኪሟን ቃል ረሱት፤ የቀራቸው ሽታው ብቻ ነበር። አልጋው መኪና ሆነባቸው። እጃቸው አንሶላው ላይ መሪ ይፈልጋል፣ እግራቸው ፍሬን ይረግጣል። ውረዱ፣ ውረዱ ይላሉ፤ ቃሉ በትግርኛም በአማርኛም አንድ ነውና ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይሰማቸው ነበር። ሊጠይቅ የመጣ ሰው ዐይናቸውን አይቶ ብዙ አይቆይም። እኔም ኮሪደሩ ላይ ቆሜ፣ ጌታ ሆይ፣ ከዚያ መኪና አውጣቸው እያልሁ የለመንሁበት ጊዜ አለ።

ሐሙስ ጠዋት ዐይናቸውን ገለጡ። ላብ አጥምቋቸዋል። ዐወቁኝ።

«ሰዎቹ ወረዱ?» አሉኝ።

«ወርደዋል፣ አያ።»

«ኪሮስስ?»

«ኪሮስም ወርዷል። ሁሉም ርቀዋል።»

ከዚያ ቅንድባቸው ተቋጠረ፤ ያ የድሮው ቁጣቸው ነበር። «አንቺስ ምን ትሠሪያለሽ? ውረጂ እንጂ» አሉኝ።

አደይ ለተብርሃን በዐይናቸው ተነሺ አሉኝ። ከወንበሬ ተነሥቼ፣ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሄጄ፣ ግድግዳው ጋ ደረስሁ። ወረድሁ፣ አያ አልኋቸው። ራሳቸውን ቀና አድርገው መራቄን አዩ። አደይ ለተብርሃን ግን እጃቸውን እንደያዙ ከቦታቸው አልተነቃነቁም፤ አያ ሐጎስም ውረጂ አላሏቸውም። አንሶላውን የጨበጠው ጣታቸው ላላ። ብዙ አልቆዩም።

አያ ሐጎስ፣ አባቴ፣ ያን ሁሉ ዓመት በዳገቱና በቁልቁለቱ ተሸክመውን አንዳችንም አልተነካንም። ሁላችንም ወርደናል። ልጆቻችንን ይዘን፣ ራቅ ብለን፣ እርስዎን እያየን ቆመናል። ከእንግዲህ ከኋላዎ የተቀመጠ ሰው የለም፤ የሚፈሩለት ሰው የለም። አደይ ለተብርሃን ብቻቸውን አይደሉም፤ እሑድ እሑድ ደጃፋቸው ላይ፣ ሰው በሚያየኝ ቦታ እቀመጣለሁ። እንግዲህ እርስዎም ይውረዱ፣ አያ።